ራይዘን 5 5600 ወይስ ኮር አይ5 12400ኤፍ? በአነስተኛ በጀት ለሚገጣጠም የጌም ኮምፒውተር የማዘርቦርድና የፕሮሰሰር ንጽጽር

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የጌም ኮምፒውተር ለመገጣጠም የተነሳ ሰው ማዘርቦርድና ፕሮሰሰሩን በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ነው የሚያስመጣው፤ ብዙ ጊዜም በቴሌግራም አይቶ። ዕቃው አልነሳ ካለ ከደብረ ብርሃን እንኳ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተመልሶ መሄድ ይመጣል። ከመሐል ሜዳ ወይም ከሸዋ ሮቢት ሲሆን መንገዱ ይብሳል። ስለዚህ እዚህ ላይ የመዘንነው የፍሬም (በሰከንድ የሚታዩ ምስሎች) ብዛት ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ከሳጥኑ ወጥቶ ያለ ጣጣ የመነሳት ዕድሉም አብሮ ተመዝኗል።

ዋጋ በብር አንጠቅስም። የምንዛሪ ተመን ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ቶሎ ያረጃል። ለመለኪያ ያህል ይህን ያዙ፦ ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር ተደምረው ከጠቅላላው በጀት ሲሶውን ብዙ ካለፉ ለግራፊክስ ካርዱ የሚተርፍ ገንዘብ ያንሳል፤ ጌሙን የሚሸከመው ደግሞ ካርዱ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2025 መጨረሻ ጀምሮ ራም በዓለም ገበያ ስለተወደደ፣ እጃችሁ ላይ ዲዲአር4 ራም ካለ አትሽጡት። ኤኤም5 የሚባለው አዲሱ የኤኤምዲ (የራይዘን አምራች) ሶኬት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ፣ የሚቀበለው ዲዲአር5 ራም ብቻ ነው። ጥሩ ሶኬት ነው፤ ለጠባብ በጀት ግን ለጊዜው ተዉት።

ካርድ አለ ወይስ የለም?

ሌላው ምርጫ ሁሉ የሚከተለው ይህን ነው። ካርድ ከሌለና ቢያንስ ለአንድ ዓመት የመግዛት ሐሳብም ከሌለ፣ መልሱ ራይዘን 5 5600ጂ ነው። ስድስት ኮር (የስሌት ክፍል)፣ 12 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚያስኬዳቸው ሥራዎች)፣ ውስጡ ቬጋ 7 ግራፊክስ አለው። ካውንተር ስትራይክ 2፣ ዶታ 2፣ ቫሎራንትና ጂቲኤ 5 ቅንብሩ ዝቅ ሲል ይጫወታል። በኢንቴል በኩል ያለ ካርድ ምስል የሚሰጠው ኮር አይ3 12100 ነው፤ ዩኤችዲ 730 ግራፊክሱ ግን ለፊልምና ለቢሮ ሥራ እንጂ ለጌም ከቬጋ 7 ጋር አይወዳደርም።

5600ጂን የሚገዛ ሰው ከሁሉ በላይ የሚሳሳተው ራም ላይ ነው። በውስጡ ያለው ግራፊክስ የራሱ ሚሞሪ ስለሌለው ከራሙ ይበደራል። አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ከምትሰኩ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ሰክታችሁ በሁለቱም ቻናል እንዲሠራ አድርጉ፤ አንድ ራም ብቻ ሲሰካ የፍሬሙ ብዛት በግልጽ ይወድቃል። አራት ቀዳዳ ባለው ቦርድ ላይ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ቀዳዳ ላይ ይሰካሉ። ከዚያ ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ገብቶ ኤክስኤምፒን፣ ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያስኬደውን ቅንብር፣ ማብራት ነው፤ አለበለዚያ 3200 ተብሎ የተገዛው ራም በ2133 ወይም በ2400 ሲሠራ ይኖራል።

ካርድ በሁለት ወር ውስጥ ትገዛላችሁ? እንግዲያው 5600ጂን ዝለሉት። የኤል3 ካሽ ሚሞሪው (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ሚሞሪ) 16 ሜጋባይት ሲሆን የ5600 ግን 32 ነው፤ ለካርዱ የሚሰጠው መስመርም ከ4.0 የሚዘገየው ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ነው። ራይዘን 5 5500 እነዚህ ሁለት ጉድለቶች አሉበት፣ በዚያ ላይ ግራፊክስም የለውም። ዋጋው ከ5600 በጣም ካልራቀ አይገዛም።

ካርድ ላለው፦ ሦስት ጥምረት

በዝቅተኛው ኮር አይ3 12100ኤፍ ከኤች610 ቦርድ ጋር አለ። አራት ኮርና ስምንት ትሬድ ነው። ለእግር ኳስ ጌምና ለካውንተር ስትራይክ ይበቃል፤ ሰፊ ከተማ ያላቸው አዳዲስ ጌሞች ላይ ግን አማካይ ፍሬሙ ጥሩ ሆኖ ሳለ በየመሀሉ ይንቀጠቀጣል። ቦርዱ ጥሩ ጎኑ ኋላ አይ5 መቀበሉ ነው።

ቀጥሎ ራይዘን 5 5600 እና ኮር አይ5 12400ኤፍ አሉ። ሁለቱም ስድስት ኮር፣ 12 ትሬድ፣ ከፍተኛ ፍጥነታቸውም 4.4 ጊጋኸርዝ ነው። በዚህ በጀት ከሚገዛ ካርድ ጋር፣ ለምሳሌ ከአርኤክስ 6600 ጋር፣ ተጫዋቹ በዓይኑ የሚለየው ልዩነት የላቸውም። ስለዚህ በእነዚህ ሁለት ፕሮሰሰሮች መከራከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ልዩነቱ ያለው ቦርዱ ላይ ነው።

ኤች610 በኢንቴል በኩል፣ ኤ520 በኤኤምዲ በኩል ርካሾቹ ቦርዶች ናቸው። ኤ520 የካርዱ ቀዳዳ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ነው፤ ፕሮሰሰሩ 4.0 ቢችል እንኳ ቦርዱ አይፈቅድም። ኤች610 ላይ ግን የካርዱ ቀዳዳ 4.0 ነው። የኤ520 3.0 መሆን አርኤክስ 6600ን ብዙም አይጎዳም፣ ስምንት መስመር ስላለው። አርኤክስ 6500 ኤክስቲና አርኤክስ 6400 ግን አራት መስመር ብቻ ናቸው፤ 3.0 ላይ ሲሰኩ በተለይ የ4 ጊጋባይት ሚሞሪያቸው ሲሞላ ክፉኛ ይዘገያሉ። እነዚህን ርካሽ ካርዶች የያዘ ሰው ኤ520 ወይም ሌላውን ባለ 3.0 የኤኤምዲ ቦርድ ቢ450ን ባይገዛ ይሻለዋል። ጂቲኤክስ 1650፣ 1660 ሱፐርና አርኤክስ 580 ራሳቸው 3.0 ስለሆኑ የትኛውም ቦርድ ላይ ያው ናቸው።

ኤች610 ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። የራም ቀዳዳው ሁለት ብቻ ነው፤ ዲዲአር4 ከ3200 አያልፍም፤ ቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ኤም.2 ኤስኤስዲም በ3.0 ፍጥነት ይሠራል። አንዳንዱ ኤች610 ደግሞ ዲዲአር5 ነው፤ ቀዳዳው ስለሚለያይ ዲዲአር4 ራም አይገባበትም። የሞዴል ስሙ መጨረሻ ላይ ዲ4 የሚል ካላያችሁ ሻጩን ጠይቁ። 12400ኤፍ ከመነሻው 65 ዋት ቢባልም ሙሉ ኃይሉን ሲጠቀም እስከ 117 ዋት ይስባል፤ የኃይል ክፍሉ ላይ የብረት ማቀዝቀዣ የሌለው ርካሽ ኤች610 ቪዲዮ ሲቀናበርበት ሊሞቅና ፍጥነት ሊቀንስ ይችላል። ጌም ብቻ ከሆነ ያን ያህል አይጨነቅም።

በኤኤምዲ በኩል ያለው ቢ550 ከሁሉም የተሟላው ነው፦ ካርዱም የመጀመሪያው ኤም.2ም በ4.0 ይሠራሉ፣ ራምን ከ3200 በላይ ማስኬድ ይቻላል። ኋላ ገንዘብ ሲገኝም ራይዘን 7 5700ኤክስ3ዲን ወይም 5800ኤክስ3ዲን ይቀበላል፤ ሁለቱም 96 ሜጋባይት ካሽ ስላላቸው ጌም ላይ ትልቅ ዝላይ ናቸው፣ ማግኘቱ ቢከብድም።

ባዮስ ላይ የሚመጣው ጣጣ

ቢ450 ርካሽ ሆኖ ይገኛል፣ ያገለገለውም ብዙ ነው። ግን ከራይዘን 5000 በፊት የወጣ ቦርድ ነው። አሮጌ ባዮስ ያለበት ቢ450 ላይ 5600 ሲሰካ ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ገዢው ራሙን ይነቅላል፣ ካርዱን ይቀይራል፣ መጨረሻ ላይ ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል ይላል። የተቃጠለ ነገር የለም፤ ቦርዱ ፕሮሰሰሩን አላወቀውም። ቀደምት ቢ550 እና ኤ520 ቦርዶችም ከራይዘን 5000 በጥቂት ወራት ስለሚቀድሙ ይኸው ሊገጥማቸው ይችላል። ሳጥኑ ላይ «ራይዘን 5000 ዴስክቶፕ ሬዲ» የሚል ተለጣፊ ካለ ስጋቱ ይቀንሳል።

ተለጣፊው ከሌለ ከኋላ የባዮስ ፍላሽባክ ቁልፍ ያለውን ቦርድ ምረጡ። አሠራሩ ይህ ነው፦ ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አድርጉ፤ ከአምራቹ ድረ ገጽ የቦርዱን ትክክለኛ ሞዴል ፋይል አውርዳችሁ መመሪያው በሚለው ስም ሰይሙት። ፍላሹን ምልክት ባለበት ዩኤስቢ ሰኩ፤ ባለ 24 ፒኑና የፕሮሰሰሩ ባለ 8 ፒን ገመድ መግባታቸውን አይታችሁ ኮምፒውተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ሦስት ሰከንድ ያህል ተጫኑ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን ሲያቆም አልቋል። በዚህ መሀል መብራት ከጠፋ ባዮሱ በግማሽ ይቀራል። ፍላሽባክ ያለው ቦርድ እንደገና ይሞከራል፤ የሌለው ግን ፕሮግራመር በሚባል መሣሪያ ካልተስተካከለ አይነሳም። እንደ እኛ አካባቢ መብራት ዩፒኤስ ሳይኖር ባዮስ አይነካም።

ኤች610 የወጣው ከ12ኛው ጄኔሬሽን ጋር አብሮ ስለሆነ 12100ኤፍንም 12400ኤፍንም ያለ እድሳት ይቀበላል። አጠገቡ ባለሙያ ለሌለው፣ ዕቃውን ከመናኸሪያ ተቀብሎ ብቻውን ለሚገጥም ሰው የእኛ ምርጫ በዚህ ምክንያት 12400ኤፍ ከኤች610 ጋር ነው። ሱቁ ገጥሞ፣ አስነስቶ ካሳየ ግን 5600 ከቢ550 ጋር ይበልጣል።

«ኤፍ» የሚለው ፊደል ግራፊክስ የለውም ማለት ነው። 5600ም ያው ነው። የስክሪኑን ገመድ ቦርዱ ላይ ባለው ኤችዲኤምአይ ሰክቶ ምስል መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ገመዱ የሚገባው ካርዱ ላይ ነው።

ርካሽ መስለው የሚታዩት

ዚዮን ኢ5 ከኤክስ99 ቦርድ ጋር «12 ኮር» ተብሎ ይቀርባል። ኢ5-2670 ቪ3 እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ 120 ዋት የሚበላ የሰርቨር ፕሮሰሰር ነው። ጌም የሚፈልገው የእያንዳንዱን ኮር ፍጥነት ነው፤ በዚህ 12100ኤፍ በአራት ኮር ይበልጠዋል። ከቢሮ የወጡ ባለ አይ5 4ኛ ጄኔሬሽን ኮምፒውተሮችም አሉ፦ የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይ መደበኛውን ባለ 24 ፒን ስለማይጠቀም በሌላ አይቀየርም፣ ቀጫጭን ኬዞቹም አጭር ካርድ ብቻ ነው የሚቀበሉት። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ቫሎራንት በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉትን የደኅንነት ቅንብሮች ይፈልጋል፤ ራይዘን 5000ም 12ኛው ጄኔሬሽንም አላቸው፣ ባዮስ ውስጥ ማብራት ብቻ ነው።

ደጋ፣ ቆላና መብራት

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ በእያንዳንዱ ዙር የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ብርዱ ግን ስለሚያካክሰው ከ5600 ወይም ከ12400ኤፍ ጋር በሳጥኑ የሚመጣው ማቀዝቀዣ ይበቃል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ እዚያ ለታወር ማቀዝቀዣ ትንሽ ጨምሩ። ብዙዎቹ ባለ ዲስክ ሃርድ ዲስኮች እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው እስከ 3,048 ሜትር ስለሆነ፣ መሐል ሜዳ ያለ ሰው ኤስኤስዲ ቢይዝ ይመረጣል።

12400ኤፍ ወይም 5600 ከአርኤክስ 6600 ጋር ጌም ላይ ከ250 ዋት ብዙ አይርቅም። ጥራቱ የታወቀ የ550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃል፤ ስም የለሹ «700 ዋት» ግን መብራት ወጣ ገባ ሲል ቦርዱን ይዞ ነው የሚሄደው።

ስትረከቡ የኢንቴሉን ሶኬት በስልክ መብራት አዩ፤ ፒኖቹ ቦርዱ ላይ ስለሆኑ የተጣመመ ካለ ከመደዳው ወጥቶ ይታያል። በኤኤም4 (የራይዘን 5000 ሶኬት) ግን ፒኖቹ ፕሮሰሰሩ ላይ ናቸው፦ ቴርማል ፔስቱ የደረቀ ማቀዝቀዣ ቀጥ ተብሎ ሲሳብ ፕሮሰሰሩን ከሶኬቱ ነቅሎ ይመጣል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አሥር ደቂቃ አሙቁ፣ አጥፍታችሁ ገመዱን ንቀሉ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣውን ግራና ቀኝ እያዞራችሁ አላቁት። ተገጥሞ የሚጓዝ ከሆነ ግራፊክስ ካርዱ ተነቅሎ ለብቻው ይታሰር። ከደብረ ሲና ብርድ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት የወረደ ኮምፒውተር ላቦት ሊቋጥር ስለሚችል፣ ከሳጥኑ አውጥታችሁ ሁለት ሰዓት ያህል ሳይሰካ አቆዩት።