14 ወር ከ1967ቱ ኤም ጂ ቢ ጋር፤ የማርልቦሮን የውድድር ትራክ እያሰብኩ

ቁልፉ ሲዞር ከኋላ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። የቤንዚን ፖምፓው ነው። ካርቡራተሮቹ ሲሞሉ ዝም ይላል። ያኔ ቾኩን ሳብ አድርጎ ማስነሳት ነው። ይሄን ድምፅ 14 ወር ሰማሁት፤ አልሰለቸኝም።

መኪናዬ የ1967 ኤም ጂ ቢ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ጣራው የሚከፈት፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ 1.8 ሊትር ሞተር ያለው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና። ከምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) እየተነሳሁ 3,800 ማይል ያህል ነድቼዋለሁ። ፈጣን አይደለም። የዛሬ ተራ የቤት መኪና ከትራፊክ መብራት ላይ ጥሎት ይሄዳል። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ግን ሌላ ነው። የፊት ጎማዎቹ ምን ላይ እንዳሉ በመሪው በኩል በእጄ አውቃለሁ።

አንደኛ ማርሹ ሲንክሮ (ማርሹን ሳይፋጭ የሚያስገባው ክፍል) የለውም። መኪናው ሳይቆም ላስገባ ካልኩ ይፋጫል። መጀመሪያ ሰሞን በጣም ተቸገርኩ። አባቴ ድሮ በአሰብ መስመር ኤንትሬ ይነዳ ነበር። አዲስ አበባ ደወልኩለትና ስልኩን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ነዳሁ። ትንሽ ሰማና፣ «ልጄ፣ ቸኩለሃል። ፍሪሲዮኑን ሁለቴ ርገጥ፤ መሃል ላይ ነዳጅ ስጠው» አለኝ። በሳምንቱ ለመድኩት።

መኪናውን የሸጡልኝ 80 ያለፋቸው ጎረቤቴ ናቸው። በልጅነታቸው አፐር ማርልቦሮ የነበረው የመኪና ውድድር ትራክ ሄደው ውድድር ያዩ ነበር። ከዲሲ ቅርብ ነው፤ እኛ ሜሪላንድ የምንኖር ሐበሾች በ301 መንገድ ስንት ጊዜ በአካባቢው አልፈናል! ትራኩ በ1952 ተከፍቶ በ1969 ተዘጋ። በኋላ የታዋቂ የውድድር ቡድን ባለቤት የሆነው ሮጀር ፔንስኪ በ1958 ውድድር የጀመረው እዚያ ነው። በ1967 ደግሞ የራሱ ቡድን ካማሮ (የሼቭሮሌ መኪና)፣ ማርክ ዶናሂው እና ክሬግ ፊሸር እየተፈራረቁ ነድተውት፣ እዚያው ትራንስ አም የሚባለውን የአሜሪካ የመኪና ውድድር አሸነፈ። የኔ መኪና የተሠራው በዚያው ዓመት ነው። በ1970 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት የሚባል ሌላ የውድድር ትራክ ተከፈተ፤ ውድድሩም ወደዚያ ሄደ።

አንድ እሁድ ጎረቤቴን ይዤ ሄድኩ። ግቢው የግል ስለሆነ አልገባንም። አስፋልቱን ሳርና ዛፍ ውጦታል፤ ቅርጹ የሚለየው ከሳተላይት ፎቶ ላይ ነው። ሞተሩን ሳላጠፋ ቆምን። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። «ያኔ እንዲህ ያለው ድምፅ በሃያ ይባዛ ነበር» አሉኝ። እዚያ ቦታ ላይ አንድ ምልክት እንኳ ቢቆም ብዬ ከልቤ እመኛለሁ።

ችግሮቹንም ልንገራችሁ። ቤልትዌይ (ዲሲን የሚዞረው አውራ ጎዳና) ላይ ፖምፓው ቀጥ አለ። በመዶሻ እጀታ ቀስ ብዬ ስመታው ተነሳ፤ በማግስቱ ቀየርኩት። የፍሪሲዮኑ የታችኛው ሲሊንደር ዘይት አፈሰሰ። ባትሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ ባለ 6 ቮልት፣ ከወንበሮቹ ኋላ። በዚህ መኪና ከቦዲው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። አንድ ጋራዥ ይህን ሳያጣራ ገልብጦ አስሮ ሬዲዮኑን አቃጠለብኝ። በጣም ነው የተናደድኩት። አሮጌ መኪና የምትገዙ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ ለመካኒኩ ንገሩ። የቤንዚን ቱቦዎቹንም ኤታኖል (ከዛሬ ቤንዚን ጋር የሚቀላቀለውን አልኮል) በሚቋቋሙ አዲስ ቱቦዎች ቀይሩ። ድሮዎቹን ይበላቸዋል፤ እሳት ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

መለዋወጫ ግን አያሳስብም። ከ1962 እስከ 1980 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ስለተሠራ ሁሉም ነገር ይገኛል፤ አዲስ ቦዲ ሳይቀር።

ብቸኛ መኪናችሁ እንዲሆን ግን አልመክርም። ኤርባግ የለውም። ፍሬኑ ጠንከር አድርጎ መርገጥ ይፈልጋል፤ ከፊት ካለው መኪና ራቅ ማለት ያስፈልጋል። በትልልቅ ከባድ መኪናዎች መሃል ስሄድ አሁንም እፈራለሁ።

ባለፈው ግንቦት ሰሚት ፖይንት ለጄፈርሰን 500፣ ለአሮጌ መኪኖች ውድድር፣ ሄጄ ነበር። እንደኔው ዓይነት ኤም ጂ ቢዎች እዚያ በሙሉ ጉልበታቸው ይሮጣሉ። መኪና ከመኪና ከተነካካ ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ተጠጋግተው ግን ተከባብረው ነው የሚነዱት። ጎረቤቴ ቀኑን ሙሉ ከአጥሩ አልተነሱም።

ዘንድሮም አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ የኋላውን የግራ አሞርዛተር መቀየር አለብኝ። ዘይት ማንጠባጠብ ጀምሯል።