ግሉቪት፦ የሚያፈስ የአልሙኒየም ጀልባን ያሽጋል፣ የላላ ሪቬትን ግን አያጠብቅም

ሚኒሶታን በመሳሰሉ ሐይቅ በበዛባቸው የአሜሪካ ግዛቶች፣ ጓሮ ውስጥ ዓመታት ከርመው በርካሽ የሚሸጡ ባለ 14 ጫማ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ሞልተዋል። የሉንድ፣ የአሉማክራፍት ወይም የስታርክራፍት ሥራ ከሆኑ አልሙኒየሙ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የሚያስቸግሩት ሪቬቶቹ፣ ማለትም ቆርቆሮዎቹን አያይዘው የያዙት ጫፋቸው ተመትቶ የተደፈጠጠ ካስማዎች ናቸው። ሞተሩ ሲያንቀጠቅጣቸው፣ ማዕበሉም ከታች ሲመታቸው ኖረው ይላላሉ፤ ከዚያ ውኃ ማስገባት ይጀምራል። ለዚህ ችግር ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ግሉቪትን ነው። ምርጫው ትክክል ነው፤ ስህተቱ ሌላውን ሥራ ዘሎ በእሱ መጀመሩ ላይ ነው።

ግሉቪት ሁለት ፈሳሾች ተደባልቀው የሚሠሩት ኢፖክሲ፣ ማለትም ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ ነው። ሲቀላቀል እንደ ማር ስለሚፈስ በሪቬቱ ዙሪያና በቆርቆሮዎቹ መደራረቢያ መካከል ሰርጎ ይገባል። ከደረቀ በኋላም በጥቂቱ ስለሚተጣጠፍ ጀልባው ሲንቀጠቀጥ ቶሎ አይሰነጠቅም። ከሲልከን ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሲልከን ከአልሙኒየም ላይ ውሎ አድሮ ይላቀቃል፤ ቅሪቱ ላይ ደግሞ ቀለምም ሆነ ኢፖክሲ አይዝም።

ሆኖም ሪቬቱ እየተነቃነቀ ከተቀባ የትኛውም ማሸጊያ አይቆይም። ስለዚህ ጣሳውን ከመክፈታችሁ በፊት የሚያፈሱትን ፈልጉ። ጀልባውን በደንብ አስደግፉና ውስጡ ውኃ ሙሉበት፤ ከዚያ ከሥር ገብታችሁ የሚያንጠባጥበውን እያንዳንዱን ሪቬት በማርከር ክበቡት። 4 ሜትር በ1 ሜትር በሆነ ወለል ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውኃ 400 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ሆዱ ሳይደገፍ በሁለት ጫፍ ብቻ የተቀመጠ ጀልባ በዚህ ክብደት ሊጎብጥ ይችላል።

ምልክት የተደረገባቸውን ማጥበቅ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ በውጭ በኩል የሪቬቱን ራስ በከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ከውስጥ ጭራውን በመዶሻ ይመታል። ሁለት ሦስት ጠንካራ ምት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መደብደብ ቆርቆሮውን ያጎደጉዳል። ተመትቶም የሚሽከረከረው ሪቬት በድሪል ወጥቶ ይቀየር። ከአንድ ወገን ብቻ በሪቬት ፒስቶል የምትሠሩ ከሆነ ጫፉ የተዘጋውን ዓይነት ግዙ፤ ተራው መሐሉ ክፍት ስለሆነ ራሱ ውኃ ያስገባል። ለ3/16 ኢንች ሪቬት ትክክለኛው መሰርሰሪያ ቁጥር 11 ነው።

አሁን የግሉቪት ተራ ይደርሳል፤ ውጤቱን የሚወስነው ጽዳቱ ነው። ቅባቱን በአሴቶን አውጡ፣ ከዚያ በየሪቬቱ ዙሪያ ብሩህ ብረት እስኪታይ ፈትጉ፣ አቧራውን ጠርጋችሁ እንደገና በአሴቶን ጥረጉ። የፍተጋው ብሩሽ የማይዝግ ብረት ይሁን። የተራ ብረት ብሩሽ በአልሙኒየሙ ላይ ጥቃቅን ብረት ስለሚተው በኋላ እዚያው ቦታ ዝገት ይነሣል። የተፈተገ አልሙኒየም ወዲያው እንደገና ኦክሳይድ ማበጀት ስለሚጀምር ሥራውን ለነገ አታሳድሩት።

የግሉቪቱን ዕቃ በሙሉ በአንድ ጊዜ ካልጨረሳችሁ የሁለቱን ፈሳሾች ድርሻ በሚዛን ለኩ፤ በግምት የተቀላቀለ ኢፖክሲ እንደተጣበቀ ይቀራል። አንድ ኩባያ ሙሉም አትቀላቅሉ። ክምችቱ ራሱን እያሞቀ በእጃችሁ ላይ ይጠነክራል፤ ዝርግ ሣህን ላይ ብታፈሱት ግን ጊዜ ይሰጣችኋል። ብርድ ላይ አይሠራም፤ ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ ቀን ጠብቁ። አንድ ጥሩ ብልሃት አለ፦ ቆርቆሮውን በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርጋችሁ ቀቡት። ፈሳሹ ይቀጥናል፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝም በክፍተቱ ውስጥ ያለው አየር ስለሚኮማተር ኢፖክሲውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። በዚህ ቅጽበት በሪቬቱ ጠርዝ ላይ ያለው ፈሳሽ ዝቅ ሲል በዓይን ይታያል፤ እዚያ ላይ አንድ ጠብታ ጨምሩለት።

የምትቀቡት ከውስጥ በኩል ይሁን። ውጭው በጠጠርና በተጎታች ጋሪው ይፋቃል፣ ፀሐይም ኢፖክሲን ታደክማለች። ለፀሐይ የተጋለጠ ቦታ ካለ ቀለም ይቀባ። ባለ 2 ፓውንዱ ዕቃ ለባለ 14 ጫማ ጀልባ ሪቬቶችና መገጣጠሚያዎች ይበቃል፤ ወለሉን በሙሉ ለማልበስ ግን አይበቃም፣ አያስፈልግምም።

ቆርቆሮው ለተሰነጠቀበትና ተበልቶ ለተበሳበት ቦታ ግሉቪትን አትግዙ፤ ያ ቦታ ጥጋኝ ቆርቆሮ ወይም ብየዳ ይፈልጋል። ሞተሩ በሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ላይ ለሚያልፉ ብሎኖችም ስሪ ኤም 5200 የተባለው ማሸጊያ ሙጫ ይሻላል። እሱ ግን አንዴ ከያዘ የማይለቅ ስለሆነ ወደፊት ለሚፈታ ዕቃ የዚያኑ ኩባንያ 4200 ተጠቀሙ።

ከላይ የሚነጠፈውን የእንጨት ወለል ስትመልሱ ከእንጨት ሱቅ የሚገዛውን፣ በመዳብ መድኃኒት የታከመውን ጣውላ ከአልሙኒየሙ ጋር አታገናኙት። መዳቡ እርጥበት ባገኘ ቁጥር አልሙኒየሙን ይበላዋል፤ ያሸጋችሁት ሪቬት ደህና ሆኖ ሳለ አጠገቡ ያለው ቆርቆሮ ይበሳል። መድኃኒት ያልነካው፣ ለቤት ውጭ አገልግሎት የተሠራ ኮምፔንሳቶ ወስዳችሁ ሁለቱንም ፊት፣ በተለይም ጠርዙን፣ ሦስት ጊዜ ኢፖክሲ አልብሱት።