ማስጠንቀቂያ፦ ፕሮፔለሩ የወረደለት «ፎር ዊል» ራቭ ፎር እንዳትገዙ

«ፎር ዊል ነው» እየተባለ ከሚሸጠው አሮጌ ራቭ ፎር መሃል የኋላ ጎማው በሞተር የማይነዳ አለ። ከውጭ ሲያዩት ከሌላው አይለይም፤ ዋጋውም የፎር ዊል ዋጋ ነው። ከሥሩ ግን ኃይል ወደ ኋላ የሚያደርሰው ረጅሙ ዘንግ፣ ፕሮፔለሩ፣ ተፈቶ ወርዷል። ሻጩ ሲደረስበት «ነዳጅ እንዲቆጥብ ብለን ነው ያወረድነው» ይላል። ይህን ስትሰሙ ዋጋ ለማስቀነስ አትቸኩሉ። ዘንጉን የሚያስወርደው ብዙ ጊዜ ከዘንጉ የሚብስ ብልሽት ነው።

በዚህ ረገድ በጣም የሚያሳስበው እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2005 የተመረተው ሁለተኛው ትውልድ ነው። የዚህ ትውልድ ፎር ዊል አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ ይነዳል፤ የሚጫን ቁልፍ የለውም። ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው መካከለኛ ዲፈረንሻል ሲሆን፣ አብሮት ቪስከስ ካፕሊንግ የሚባል የታሸገ ዕቃ አለ። ውስጡ የተደረደሩ ቀጫጭን የብረት ሳህኖችና ወፍራም የሲሊከን ዘይት ናቸው። የፊትና የኋላ ጎማ ፍጥነት ሲለያይ ዘይቱ በሳህኖቹ መሃል እየታሸ ይሞቃል፣ ግፊት ይፈጥራል፣ ሁለቱን ወገን ያስተሳስራል። ጭቃ ላይ አንድ ጎማ በባዶ ሲሽከረከር መኪናውን የሚያወጣው እሱ ነው።

ቪስከስ ካፕሊንጉን የሚገድለው ደግሞ የጎማ ልዩነት ነው። በዚህ መኪና ላይ 215/70 ባለ 16 እና 235/60 ባለ 16 ጎማዎች ይገጠማሉ፤ ሁለቱም ለባለ 16 ኢንች ቸርኬ ስለሆኑ ሁለቱን ከፊት፣ ሁለቱን ከኋላ አደባልቆ የሚያስር አይጠፋም። የመጀመሪያው ዙሪያው ወደ 2.22 ሜትር፣ ሁለተኛው ወደ 2.16 ሜትር ነው። በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ትንሹ ጎማ ከትልቁ 12 ዙር ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ቪስከሱ በቀጥታ አስፋልት ላይ እንኳ ያለ ፋታ ሲታሽ ይውላል፤ ዘይቱ ይቃጠልና ሳህኖቹ ተጣብቀው ይቀራሉ። አንድ ቁጥር ያላቸው ጎማዎችም ቢሆኑ ከፊት አዲስ፣ ከኋላ የተላጨ ከሆነ ያው ነው፤ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ 2 ሚሊ ሜትር ከቀረው ጋር ዙሪያው በ38 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለያያል። ስለዚህ ገና ኮፈኑ ሳይከፈት የአራቱንም ጎማ ቁጥር አንብቡ፣ ዙሪያቸውን በሜትር ለኩ።

ቪስከሱ ሲጣበቅ ምልክቱ ግልጽ ነው። መኪናው መታጠፊያ ላይ የእጅ ፍሬን ያልወረደለት ይመስል ይይዛል፣ ጎማው ይጮኻል፣ መሪው ሲቃና ይለቃል። ይህን ለማየት 20 ደቂቃ ያህል ነድታችሁ አሙቁት፤ ሲቀዘቅዝ ደህና መስሎ ሲሞቅ የሚይዝ አለና። ከዚያ ደረቅና ሜዳ ቦታ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዛችሁ፣ ነዳጅ ሳትረግጡ፣ በግራም በቀኝም ክብ አዙሩት። ጤነኛው እየተንሸራተተ ይዞራል። የታመመው ይቆማል ወይም እየዘለለ ይሄዳል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ከሰማችሁ ያ የፊት አክስል ጆይንት ነው፤ ወጪውም ችግሩም ሌላ ነው።

ሻጭ ይህን ምልክት የሚደብቅበት ቀላሉ መንገድ ፕሮፔለሩን ማውረድ ነው። ፊትና ኋላ ካልተገናኙ የሚይዝ ነገር የለም፤ መኪናው እንደ ቅቤ ይታጠፋል። ነገር ግን ራሱን የሚያጋልጠው እዚህ ላይ ነው። መካከለኛ ዲፈረንሻል ኃይሉን የሚለቀው በቀለለው በኩል ስለሆነ፣ ዘንጉ ሲወርድ የኋላው መውጫ በባዶ ይሽከረከራል፤ የፊት ጎማን የሚገፋው ቪስከሱ ብቻ ይሆናል። ቪስከሱ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ይለግም ነበር፣ በተለይ ዳገት ላይ። ያለ ዘንግ ደህና አድርጎ ዳገት የሚወጣ የሁለተኛው ትውልድ ራቭ ፎር እንግዲህ ቪስከሱ ተጣብቆ የሞተ ነው። የሻጩ «ሞክረው፣ ምንም አይልም» ራሱ የብልሽቱ ማስረጃ ነው።

ማየት አያስቸግርም። ጎንበስ ብላችሁ ከሥር መሃሉን ተመልከቱ። ዘንጉ ከሌለ መሃል ላይ የሚደግፈው ኩሽኔታ የሚታሰርበት ቀዳዳ ባዶውን ይታያል፤ ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያካፍለው የኋላ ዲፈረንሻል አፍም አራት የቡሎን ቀዳዳውን ከፍቶ ቆሟል። የኋላ ዲፈረንሻል ጭራሽ ከሌለ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣም የፊት ነጂ ነበር፤ አሜሪካ ከተሸጡት ውስጥ እንዲህ ያሉ አሉ። ያ በራሱ ብልሽት አይደለም፤ የፎር ዊል ዋጋ መጠየቁ ነው ማታለሉ።

ዘንጉ በቦታው ካለ በክሪክ ይፈተናል። የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ የኋላ ጎማዎች ላይ ታኮ አድርጉ፣ ማርሹን ኒውትራል ላይ አውሉ፣ አንዱን የፊት ጎማ ብቻ አንሱና የብረት መቆሚያ አግቡበት። ጎማውን በሁለት እጅ አዙሩ። በዝግታ፣ ወጥ በሆነ ክብደት ከዞረ ቪስከሱ አለ። ንቅንቅ ካላለ ተጣብቋል። በአንድ ጣት ከዞረ ዘይቱን ጨርሷል፤ ጭቃ ላይ አይረዳችሁም።

ቪስከስ ተራ ጋራዥ ውስጥ አይታደስም፣ ዘይትም አይጨመርበትም፤ ይቀየራል። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሂሳብ ሳትከፍሉ አንዱን ወገን አስይዛችሁ ሌላውን በረጅም ብረት አዙሩት፤ በዝግታ ካልተንቀሳቀሰ የሌላ ሰው ጣጣ ነው የምትገዙት። የተደባለቀ ጎማ ላይ ከገጠማችሁት አዲሱም አይሰነብትም።

የኋላ ዲፈረንሻል ዘይት ሲታይ የመሙያው ቡሎን ይቅደም፤ እሱ እምቢ ካለ ማፍሰሻውን አትንኩ። ዘይቱ በቀዳዳው አፍ ልክ በጣት መነካት አለበት። ወተት ከመሰለ ክረምት ወንዝ ሲሻገር ውሃ ገብቶበታል። የሚያብለጨልጭ ብረት ካለበት ጥርሱ እያለቀ ነው። የሚሞላው ጂኤል-5 ደረጃ ያለው የጥርስ ዘይት ነው፣ ከ1 ሊትርም አይበልጥም፤ ሦስት አራት ሊትር የሚያስገዛችሁ ጋራዥ ካለ ተጠንቀቁት።

ሦስተኛው ትውልድ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2012 የተመረተው፣ ሌላ ነው። የፊት ነጂ ሆኖ ሲያስፈልግ ኋላውን በኤሌክትሮማግኔት ካፕሊንግ ይጠራል፤ ስለዚህ ፕሮፔለሩ ቢወርድም ዳገት ላይ አይታወቅም። የሚፈተነው ኋላውን በግድ በሚያስይዘው የሎክ ቁልፍ ነው። ጠጠር ሜዳ ላይ ሎክ አድርጋችሁ፣ መሪውን ጠምዝዛችሁ በዝግታ አዙሩት፤ ከበፊቱ ትንሽ መያዝ አለበት። ምንም ለውጥ ከሌለ ኋላው አልተጠራም። ፍጥነቱ 40 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ሎኩ ራሱ ይለቃል፤ ያ ብልሽት አይደለም። የሞተሩን ቁልፍ ስትከፍቱ የዳሽቦርድ ማስጠንቀቂያ መብራቶች በርተው መጥፋት አለባቸው፤ ጭራሽ ያልበራ መብራት አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ከኋላ የሚመጣ ፍጥነት ሲጨምር የሚጨምር ጩኸት ደግሞ ብዙ ጊዜ የዚሁ ካፕሊንግ ኩሽኔታ ነው፤ ሻጩ ግን «የጎማ ድምፅ ነው» ማለቱ አይቀርም።

አሜሪካ ላላችሁ፣ በተለይ ዴንቨርና ሲያትል አሮጌ አውቶማቲክ ሱባሩ ለምትፈልጉ፣ ተንኮሉ በፊውዝ ነው። ከባለ አራት ማርሽ አውቶማቲኮቹ ብዙዎቹ ኮፈኑ ሥር የፊት ነጂ ብቻ የሚያደርግ የፊውዝ ቦታ አላቸው፤ ባዶ መሆን ያለበት ነው። ፊውዝ ከተሰካበት የኋላው ይለቃል፣ መታጠፊያ ላይ መያዙም ይጠፋል። ከመንዳታችሁ በፊት ነቅላችሁ በደረቅ ሜዳ ክብ አዙሩት።

ሁሉም ደህና ሆኖ ልትገዙ ከወሰናችሁ፣ ውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ» የምትለው ቃል ብቻዋን እንዳትቀር። «አራቱም ጎማ በሞተር ይነዳል፤ ፕሮፔለሩ፣ ትራንስፈሩ (ከማርሽ ሳጥኑ ኃይል ወደ ፕሮፔለሩ የሚያሻግረው) እና የኋላ ዲፈረንሻሉ ይሠራሉ» ተብሎ ይጻፍ፣ ሻጩም ይፈርምበት። ይህን አልጽፍም ካለ ቀብዱን አትስጡት።