የማጭበርበር ተንታኝነት፦ የቀጥታ ክትትል ወይስ ምርመራ?

ባንክ ውስጥ ማጭበርበርን የሚከታተለው ተንታኝ ሥራ በሁለት ወንበር ይከፈላል።

የቀጥታ ክትትል በፈረቃ ነው፤ ሌሊትና በዓልም አለበት። ሲስተሙ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሲም ካርድ ተቀይሮ፣ ሞባይል ባንኪንጉ በአዲስ ስልክ ተከፍቶ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ገንዘቡ ወደ 3 ሒሳቦች ሄዷል። ተንታኙ መጀመሪያ ያግዳል፣ ከዚያ ያጣራል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በዚያው ቁጥር ይደውላል። ሲሙ በሌባው እጅ ከሆነ ግን ስልኩን የሚያነሣው ሌባው ነው! በተመዘገበ ሌላ ቁጥር ወይም በአካል ማረጋገጥ የግድ ነው። አብዛኛው ማስጠንቀቂያ የሐሰት ስለሚሆን ዓይን ይለምደዋል፤ ሳያነቡ መዝጋት ይመጣል። የዚህ ወንበር ትልቁ አደጋ ይሄ ነው።

ምርመራ በመደበኛ የሥራ ሰዓት ይሠራል፤ አንድ ፋይል ግን ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። የሒሳብ መግለጫው በኤክሴል ተዘርግቶ ገንዘቡ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ደቂቃ በደቂቃ ይገጣጠማል። ለወራት ባዶ የነበረ ሒሳብ ድንገት ገቢ ጎርፎበት በዚያው ቀን በኤቲኤም ከተራገፈ፣ ባለቤቱ ሒሳቡን ለሌላ አከራይቶ ሊሆን ይችላል። የካሜራ ምስል በመጀመሪያው ቀን ይጠየቅ፤ ከቆየ በአዲስ ይተካል። አጠራጣሪ ዝውውር በሕግ መሠረት ለመንግሥት ተቋሙ ለፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎት ይላካል፤ መላኩን ለደንበኛው መንገር ክልክል ነው።

ምርመራ ሪፖርት መጻፍ ስላለበት ጽሑፍ የሚከብደው ሰው አይምረጠው። ለጀማሪ ግን ክትትሉ ይሻላል፤ የሌባውን አካሄድ በየቀኑ ያሳያል።