መግል ባየ ቁጥር «ኩላሊት ተጎዳ» የሚል ማሽን፦ የኤንጋል የሽንት መመርመሪያ ከስምንት ወር በኋላ

መሣሪያው፣ ሽንት ውስጥ ያለውን ኤንጋል የተባለ ፕሮቲን ለክቶ ኩላሊት መጎዳቱን የሚጠቁመው ማንበቢያ፣ አልተበላሸም። ስክሪኑ ይበራል፣ ናሙና የተጨመረበት ካሴት ሲገባበት ያነባል፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ቁጥር ያወጣል። የሚያናድደው ቁጥሩ ነው። ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) ገብቶለት የሰነበተ፣ ሽንቱ የደፈረሰ ታካሚ ናሙና ሲመጣ 400፣ 500 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ብሎ ይጮሃል። ሐኪሙ ይደነግጣል፣ መድኃኒት ይቀየራል፣ ክሪያቲኒን (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀም ቆሻሻ) በየ12 ሰዓቱ ይታዘዛል። 48 ሰዓት ሲሞላ ክሪያቲኒኑ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ኩላሊቱ ደህና ነበር፤ የታመመው ፊኛው ነው።

ጥፋቱ የማሽኑ ብቻ ነው ለማለት ግን ድፍረቱ የለኝም፤ ስሙ ላይ ተጽፎ ነበር። ኤንጋል ሲፈታ «ከኒውትሮፊል ጄላቲኔዝ ጋር ተጣብቆ የሚገኝ ሊፖካሊን» ነው። መግል ደግሞ በአመዛኙ የሞተ ኒውትሮፊል ነው። ነጭ የደም ሴሉ ይህን ፕሮቲን በውስጡ አጭቆ ይዞራል፤ ባክቴሪያ ብረት የሚለቅምባቸውን ሞለኪውሎች ቀድሞ ይይዝና በብረት ረሃብ ያደክመዋል። የኩላሊት ቱቦ ሴሎችም ደም ሲያጥራቸው ወይም መርዝ ሲነካቸው ይህንኑ ፕሮቲን በብዛት ያመርታሉ፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሽንት ላይ ይታያል። ስለዚህ ሽንት ውስጥ የተገኘ ኤንጋል ከሁለት ቤት የመጣ ሊሆን ይችላል። ከቱቦው የሚወጣው በአብዛኛው ነጠላ ሆኖ 25 ኪሎዳልተን ይመዝናል፤ ከኒውትሮፊል የሚወጣው በአብዛኛው ጥንድ ሆኖ 45 ኪሎዳልተን ነው። ካሴቱ ላይ የተቀባው አንቲቦዲ ግን አጠቃላዩን ይለካል እንጂ ከየት ቤት መጣህ ብሎ አይጠይቅም።

ይህን ስትነግሩት ሻጩ ብሮሹሩን ይዘረጋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት፤ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 71 ልጆች፤ ከቀዶ ሕክምናው 2 ሰዓት በኋላ የተወሰደ ሽንት፤ 50 ማይክሮግራም በሊትር እንደ መለያ ተወስዶ 100 በመቶ የመለየት አቅም (የተጎዳውን ማግኘት)፣ 98 በመቶ የማጥራት አቅም (ደህናውን ደህና ማለት)። ክሪያቲኒኑ የጨመረው ከ1 እስከ 3 ቀን ዘግይቶ ነበር። አልዋሸም፣ ሁሉም እውነት ነው። ግን እኮ ልጆች ናቸው! የአዋቂ ሰው ጓዝ የለባቸውም፦ የሰነበተ ስኳር፣ የቆየ የኩላሊት ሕመም፣ ተደጋጋሚ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን። ጉዳቱ የደረሰበት ሰዓትም ይታወቃል፤ የልብና የሳንባ ማሽኑ ላይ የነበሩበት ሰዓት ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የፈቀደው የኤንጋል ሽንት ምርመራም ዕድሜያቸው ከ3 ወር እስከ 21 ዓመት ለሆኑ ታካሚዎች ነው። ሻጩ አዋቂዎች ክፍል ሲገባ ይህቺን መስመር በአውራ ጣቱ ይሸፍናታል።

እንግዲህ ተገዝቷል፤ አይጣልም። ቁጥሩ እንዲታመን ከተፈለገ ሥራው የሚጀምረው ከናሙናው ነው። ከካቴተር ከረጢት የተቀዳ ሽንት አይሆንም፤ ስንት ሰዓት እንደተጠራቀመ አይታወቅም። የካቴተሩ ቱቦ ላይ ያለው የናሙና መውሰጃ በአልኮል ተጠርጎ 10 ሚሊ ሊትር ያህል በሲሪንጅ ይሳባል። ከዚያ ሴንትሪፊውጅ (እያሽከረከረ ደለል የሚያረጋው ማሽን) ሳይነካው በፊት ተራው ባለ 10 መስክ ስትሪፕ (ቀለሙ የሚቀየር የሽንት መመርመሪያ) ይነከርበታል። እዚህ ላይ ሰዓት መያዝ ግድ ነው፦ በተለመዱት ስትሪፖች የሉኮሳይቱ (የነጭ የደም ሴሉ) መስክ የሚነበበው በ2 ደቂቃ ነው፤ በ30 ሴኮንድ አይቶ «ንጹሕ ነው» የሚል ሰው ራሱን ነው የሚያታልለው። ስኳር በብዛት የሚፈስበት ወይም በጣም የወፈረ ሽንት ደግሞ ቀለሙን ያደበዝዛል። ባክቴሪያን የሚጠቁመው የናይትራይቱ መስክ ባዶ መሆኑም ማስረጃ አይሆንም። ባክቴሪያው ናይትሬትን ወደ ናይትራይት እስኪቀይር ሽንቱ ፊኛ ውስጥ 4 ሰዓት ያህል መቆየት አለበት፤ ካቴተር ያለበት ፊኛ ግን ምን ሽንት ያቆያል? እንደ ኢንተሮኮከስ ያሉትማ ከነጭራሹ ናይትራይት አያወጡም።

ስትሪፑ ከተነበበ በኋላ ሴንትሪፊውጅ፤ 400 ጂ (የስበት ኃይል 400 እጥፍ)፣ 5 ደቂቃ፤ ናሙናው ከወጣ አንድ ሰዓት ሳይሞላው። ጥድፊያው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀጭን ወይም አልካላይን የሆነ ሽንት ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው እያሉ ይፈነዳሉ፣ የያዙትን ኤንጋል ሁሉ ፈሳሹ ውስጥ ይዘረግፉታል። ከፈነዱ በኋላ ቢሽከረከር ቢሽከረከር የወጣውን አይመልሰውም። ፊኛ ውስጥ እያለ የወጣውንም እንዲሁ። ሴንትሪፊውጅ የሚያድነን ከጠረጴዛው ጥፋት ብቻ ነው።

ከላይ የጠራው ፈሳሽ ለካሴቱ ይሄዳል። ታች የረጋውን ግን የሚደፋ ሰው ምርመራውን ግማሽ ደፋው። ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ሽንት አስቀርቶ ደለሉን በቀስታ መበጥበጥ፣ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ፣ ኮቨር ስሊፕ ከላይ። ኮንደንሰሩን ዝቅ፣ መብራቱን ቀነስ አድርጎ በ10 እጥፍ ሌንስ የኮቨር ስሊፑን ጠርዝ እየተከተሉ መዞር፤ ካስት (ኩላሊት ቱቦ ውስጥ የተቀረጸ ሲሊንደር) ጠርዝ ይወዳል። ጭቃ የመሰለ፣ ቡናማ ጥራጥሬ የታጨቀበት፣ ጎኖቹ ትይዩ የሆኑ ሲሊንደር ብቅ ብቅ ካለ ቱቦው ሴሉን እያራገፈ ነው፤ የማሽኑ ጩኸትም እውነት ነው። የኩላሊት ቱቦ ሴሎች በየመስኩ ካሉበትም እንደዚያው። ተበታትነው የተቀመጡ ነጭ ሴሎችና ባክቴሪያ ብቻ ከሆነ የሚታየው 500 የሚለው ቁጥር ለኩላሊት ማስረጃ አይሆንም። ነጭ ሴሎቹ ሲሊንደር ውስጥ ታሽገው ከተገኙ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው፤ እብጠቱ ኩላሊቱ ውስጥ ገብቷል፣ «ፊኛ ነው» ብሎ ማለፍ ያስጠይቃል።

አንድ ነገር ልመስክርለት፦ መግል እያለ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ከመጣ እመኑት። መግል ያጋንናል እንጂ አይደብቅም።

ዝቅ ያለ ቁጥር የሚያሳስተው በሌላ መንገድ ነው። ፈሳሽ በብዛት የወሰደ ወይም ፉሮሴማይድ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) የተሰጠው ሰው ሽንቱ ስለሚቀጥን ኤንጋሉም አብሮ ይሳሳል። ሻጩ ለዚህም መልስ አለው፤ «በሽንት ክሪያቲኒን አካፍሉት» ይላል። ኩላሊቱ የተረጋጋ ሰው ላይ ያስኬዳል። የኩላሊቱ ማጣራት በድንገት የወረደበት ሰው ላይ ግን ወደ ሽንት የሚወጣው ክሪያቲኒን ራሱ ስለሚያንስ ውጤቱ ያለ ቅጥ ይወጣል፤ አካፋዩ እየሸሸ ምን ሒሳብ አለ? ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን መጻፍ ይሻላል። ከመለኪያው ጣሪያ ያለፈ ናሙናም ቀጥኖ ይደገም፤ ኤንጋሉ ከመጠን በላይ ሲበዛ አንቲቦዲዎቹን ያጨናንቅና መስመሩ ሊደበዝዝ፣ ቁጥሩም ከእውነቱ ሊያንስ ይችላል።

የሚያስመሰግነው ጎንም አለው፤ ዛሬ የማሞገስ ስሜት የለኝም እንጂ። ሰውነቱ ውኃ አጥቶ ክሪያቲኒኑ የወጣ ሰው ላይ ኤንጋሉ ዝቅ ብሎ ሲገኝ ቱቦው ገና አልተነካም ማለት ይቻላል። ሽንቱ የጠራ፣ ጉዳቱ የደረሰበት ሰዓት የሚታወቅ ታካሚ ላይም፣ ለምሳሌ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ ክሪያቲኒን ተኝቶ እያለ ይናገራል። ክሪያቲኒን እስኪጠራቀም ጊዜ ስለሚፈጅ ይህቺ ጥቅም ቀላል አይደለችም።

ግን እስቲ ሻጩን አንድ ጥያቄ፦ የሽንት መለኪያው ጣሳስ? እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ሽንት ለ6 ሰዓት በኪሎ ግራም ክብደት በሰዓት ከ0.5 ሚሊ ሊትር ካነሰ ያ ራሱ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ነው ይላል፤ ክሪያቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር እስኪጨምር መጠበቅ አያስፈልግም። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ6 ሰዓት 180 ሚሊ ሊትር ካልሞላ በቂ ነው። ሽንቱ በየሰዓቱ በማይመዘገብበት ክፍል የኤንጋል ማንበቢያ መግዛት ምን ይሉታል?

ደግመህ ትገዛለህ ወይ ለሚለኝ፦ በዚህ ሳምንት አልገዛም። የሚቀጥለው ሳምንት የልብ ቀዶ ሕክምና ናሙና ሲበዛ ጠይቁኝ። እስከዚያው የካሴቱ ሳጥን ክዳን ላይ በወፍራም ማርከር «ስትሪፑን አነበብክ?» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩም «2 ደቂቃ» የሚል አለ።