ስለ ዓሣና ስለ ከባድ ብረቶች በእውቀት ለመከረችን የሥነ ምግብ ባለሙያ ምስጋና፤ ለልብ ሕሙማን ቤተሰቦችም ጥቆማ

የልብ ደም ሥራቸው ጠብቦ ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) የተደረገላቸውን አባታችንን ስትከታተል የቆየችውን የሥነ ምግብ ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ለምትኖሩ ወገኖቼም ለመጠቆም ይህን እጽፋለሁ። ስሟ በይፋ እንዲወጣ ስላልፈለገች እዚህ አላነሳውም።

ሐኪማቸው ሥጋና ቅቤ እንዲቀንሱ ካዘዟቸው ወዲህ አባታችን ፊታቸውን ወደ ዓሣ አዙረው ነበር፤ በጾምም በፍስክም የቆርቆሮ ቱና ከገበታቸው አይጠፋም። በዚህ መካከል «ሰውነትን ከመርዝ እናጸዳለን» የሚል አንድ ድርጅት ሽንታቸውን መርምሮ አርሰኒክ የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ከመጠን በላይ እንደተገኘባቸው ነገራቸውና፣ ብረቱን ከደም ያወጣል የተባለ ውድ ሕክምና እንዲጀምሩ ይወተውታቸው ገባ። አባታችን ደንግጠው ዓሣ እርግፍ አድርገው ተዉ፤ እንቅልፍም አጡ።

ባለሙያዋ ወረቀቱን ተቀብላ ካነበበች በኋላ ያቀረበችው የመጀመሪያ ጥያቄ «አባባ፣ ከምርመራው በፊት በነበሩት ቀናት ምን በልተው ነበር?» የሚል ነው። ዓሣና ሽሪምፕ መብላታቸውን ሲነግሯት፣ በእነዚህ ምግቦች ውስጥ ያለው አርሰኒክ በአብዛኛው አርሰኖቤታይን የሚባለው፣ ጉዳት ሳያደርስ በጥቂት ቀናት በሽንት የሚወጣው ዓይነት መሆኑን፣ አጠቃላይ መጠኑን ብቻ የሚለካ ምርመራ ግን ይህን ከአደገኛው ዓይነት እንደማይለይ በእርጋታ አስረዳቻቸው። ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግራም የባሕር ምግብ ለቀናት አቁመው ዓይነቱን የሚለይ ምርመራ እንዲደገም አደረገች፤ ውጤቱ ደኅና ሆነ። «ማጽጃ» የተባለውን ሕክምና በተመለከተም፣ የስኳር ሕመም ባለባቸውና ቀደም ሲል የልብ ጥቃት በደረሰባቸው ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ትልቅ ጥናት፣ በደም ውስጥ ያለውን እርሳስ ቢቀንስም ዳግመኛ የልብ ጥቃትን እንዳላስቀረ ነገረችን።

ጉዳዩን ግን አላቃለለችውም፤ እጅግ የማከብርላት ይህንኑ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሳይንሳዊ መግለጫ እርሳስ፣ ካድሚየምና አርሰኒክ ለልብና ለደም ሥር ሕመም እንደሚያጋልጡ ማስታወቁን አንስታ፣ የደም ሥርን የውስጥ ሽፋን እንዴት እንደሚጎዱ በሥዕል አሳየችን። በዓሣ ውስጥ በሚገኘው በሌላው ከባድ ብረት፣ በሜርኩሪ ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን አይስማሙም፦ እ.ኤ.አ. በ1995 በምሥራቅ ፊንላንድ ወንዶች ላይ የታተመው ጥናት በፀጉራቸው ብዙ ሜርኩሪ የተገኘባቸው ሰዎች ለልብ ጥቃት ያላቸው ተጋላጭነት እጥፍ መሆኑን ሲያሳይ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የወጣው ሰፊ ጥናት እንዲህ ያለ ግንኙነት አላገኘም። ሁለቱንም ሳትደብቅ ስለነገረችን፣ ቀጥሎ ያለችውን ሁሉ አባታችን አምነው ተቀበሏት።

በቀጣዩ ቀጠሮ ቤት ያለውን የቱና ቆርቆሮ ይዘው እንዲመጡ ጠየቀቻቸው። ያመጧቸውን ሁለት ቆርቆሮዎች ጎን ለጎን አስቀምጣ የቱናውን ዓይነት የሚገልጸውን ደቃቅ ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች አነበበችላቸው፤ አንዱ «አልባኮር»፣ ሌላው «ላይት» ይላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ባደረገው ልኬት የአልባኮሩ ሜርኩሪ በአማካይ በኪሎ ግራም 0.35 ሚሊ ግራም ሲሆን የላይቱ 0.13 ገደማ ነው፤ ሰርዲንና ቆሮሶ 0.013 ብቻ ሲይዙ፣ ሻርክና ሰይፍ ዓሣ ወደ 1 ይጠጋሉ። ብዙ ዕድሜ የሚኖረው ትልቅ ዓሣ ትንንሾቹን እየበላ የእነርሱን ሜርኩሪ በራሱ ላይ ያከማቻል፤ ሜርኩሪው ከሥጋው ጋር ስለሚጣበቅም ማጠብም ሆነ መጥበስ አያስወጣውም።

አባታችን ዛሬ ሰርዲን፣ ሳልሞን ወይም ቆሮሶ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመገባሉ። ሸርጣን ሲበሉ ካድሚየም የሚጠራቀምበትን የሆድ ዕቃውን ቢጫ ክፍል ይተዋሉ። ለሚያጨሱ የቤተሰባችን አባላትም ዋናው የካድሚየም ምንጫቸው ሲጋራው መሆኑን ሳታሳስብ አላለፈችም።

ሽማግሌን በአክብሮትና በራሳቸው ቋንቋ የምታስረዳ ባለሙያ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) የሥነ ምግብ ምክርን የሚሸፍነው በዋናነት ለስኳርና ለኩላሊት ሕሙማን ስለሆነ፣ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ክፍያውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ስትሄዱም የምትበሉትን የቆርቆሮ ምግብና ያላችሁን የምርመራ ውጤት ይዛችሁ ሂዱ።