ሂዩስተን ውስጥ ላለ አሮጌ ቤት የትኛው ኢንሱሌሽን ይሻላል? የሚነፋ ጥጥ፣ ስፕሬይ ፎም እና ፎይል ሲወዳደሩ

ሂዩስተን ውስጥ በ1950ዎቹ ወይም በ60ዎቹ የተሠራ ቤት የገዛ ሰው ስለ ኢንሱሌሽን (ሙቀት መከላከያ) ማሰብ የሚጀምረው የጁላይ መብራት ቢል ሲመጣለት ነው። ኤሲው ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ቤቱ ግን በወጉ አይቀዘቅዝም። ሲቀዘቅዝም አንሶላው ርጥብ ርጥብ ይላል፣ ጨው ዕቃው ውስጥ ይጋገራል። ኮንትራክተር ሲጠራ ደግሞ ሦስት ሰው ሦስት የተለያየ ነገር ይነግረዋል። አንዱ ስፕሬይ ፎም ይላል፣ ሌላው የሚነፋ ጥጥ (ፋይበርግላስ ወይም ሴሉሎስ)፣ ሦስተኛው የሚያብለጨልጭ ፎይል። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ሙቀት ነው። እዚህ ከተማ ግን ቤት የሚያበሰብሰው እርጥበቱ ነው። ስለዚህ እኔ እያንዳንዱን በሁለት ጥያቄ ነው የማወዳድረው። ሙቀቱን ምን ያህል ይከላከላል? እርጥበቱንስ የት ያደርሰዋል?

የኢንሱሌሽን አቅም የሚለካው "አር" በሚባል ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ሙቀት ለማለፍ ይቸገራል። ሂዩስተን ያለችው በአየር ንብረት ዞን 2 ነው። ለዚህ ዞን ኢነርጂ ስታር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም የሚመክረው፣ ኮርኒሱ ላይ ምንም ከሌለ አር-49፣ ከ3 እስከ 4 ኢንች አሮጌ ጥጥ ካለ ደግሞ በላዩ ላይ አር-38 እንዲጨመር ነው።

መጀመሪያ ቀዳዳው

ማንኛውንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ባትሪ ይዛችሁ አቲክ (ከኮርኒሱ በላይ፣ ከጣሪያው ስር ያለው ቦታ) ውጡ። በጠዋት ይሁን፤ በሰመር ከሰዓት በኋላ እዚያ ውስጥ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርሳል። ሮዝ ወይም ቢጫ የነበረው ፋይበርግላስ የት የት ጋ እንደጠቆረ ተመልከቱ። ጥቁረቱ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው። በዚያ በኩል ለዓመታት አየር ሲመላለስ፣ ጥጡ እንደ ማጣሪያ አቧራውን ይዞ አስቀርቶታል። ገለጥ ስታደርጉት ሥሩ ቀዳዳ ታገኛላችሁ። የመብራት ሽቦ የወረደበት፣ የሽንት ቤት ቧንቧ የወጣበት፣ የኮርኒስ መብራት የገባበት ይሆናል። እነዚህን በሲሊኮንና በጣሳ ፎም መድፈን ርካሽ ሥራ ነው። የኮርኒስ መብራቶቹ ላይ ግን "አይሲ" የሚል ምልክት ከሌለ ጥጥ ሊነካቸው አይገባም፤ ግለው እሳት ሊያስነሱ ይችላሉ። ወይ ይቀየሩ፣ ወይ ለዚሁ የተሠራ ክዳን ይደረግላቸው።

ቀጥሎ ዳክቱ። ሂዩስተን ውስጥ የኤሲው ዳክት፣ ማለትም አየሩን የሚያደርሰው ቱቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው በዚያ በአቲኩ ግለት መሀል ነው። ኢነርጂ ስታር እንደሚለው በተለመደ ቤት ዳክት ውስጥ ከሚያልፈው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው ይባክናል። ችግሩ የባከነው ቅዝቃዜ ብቻ አይደለም። አቲክ ውስጥ በፈሰሰው አየር ምትክ ቤቱ ከውጭ ያንን ርጥብ አየር ይስባል። ኤሲው ገና ሙቀቱን ሳይጨርስ ውሃ ማድረቅ ይጨመርበታል። መፍትሔው ማስቲክ የሚባለው ግራጫ ማጣበቂያ ነው። ተራው የጨርቅ ቴፕ በዚያ ሙቀት ደርቆ ይላቀቃል።

ይህ ሳይሠራ ጥጥ ማስነፋት ገንዘብ ሜዳ ላይ መበተን ነው። ጥጡ ከተነፋ በኋላ ቀዳዳዎቹን መልሶ ማግኘትም መከራ ነው።

ሁለት ነገር ካያችሁ ግን ሥራውን አቁሙ። አንደኛው ጠጠር ጠጠር የሚመስል፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ልቅ ነገር ነው። ቬርሚኩላይት ይባላል፤ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል እንዳትነኩት። ሁለተኛው በነጭ የሸክላ ማቀፊያ ላይ የተዘረጋ፣ በጨርቅ የተሸፈነ የድሮ ሽቦ ነው። ኤሌክትሪሺያን ሳያየው በጥጥ አይሸፈንም።

ፋይበርግላስ ወይስ ሴሉሎስ?

ሁለቱም በቱቦ እየተነፉ ኮርኒሱ ላይ ይከመራሉ። የሚነፋ ፋይበርግላስ በአንድ ኢንች ከአር-2.2 እስከ 2.7 ይሰጣል፤ ሴሉሎስ ከ3.2 እስከ 3.8። አር-38 ለመድረስ ፋይበርግላሱ ወደ 15 ኢንች ሲፈልግ ሴሉሎሱ በ11 ይጨርሳል። ጣሪያው ዝቅ ያለ አሮጌ ቤት ውስጥ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቦታ የለማ።

ሴሉሎስ የተፈጨ አሮጌ ጋዜጣ ነው። እሳት እንዳይዘው በአብዛኛው በቦሬት ይታከማል። ቦሬቱ በረሮንም ያርቃል፤ የሂዩስተንን በረሮ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ አያልፈውም። ጠቅጠቅ ስለሚል አየርም እንደልቡ አይመላለስበትም። ከጊዜ በኋላ ግን ይሰምጣል፤ ስለዚህ ከረጢቱ ላይ ያለው "ከሰመጠ በኋላ" የሚለው ውፍረት ነው መታየት ያለበት። ትልቁ ድክመቱ ውሃ ነው። ጣሪያው ካፈሰሰ ጠጥቶ ይይዘዋል። ፋይበርግላስ ቶሎ ይደርቃል።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ጣሪያው ደህና ከሆነ ሴሉሎስ። ጣሪያው አርጅቶ ገንዘቡ እስኪገኝ የሚጠበቅ ከሆነ ፋይበርግላስ፤ እሱም ቢሆን ጣሪያው ከተጠገነ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። በጥቅልል የሚሸጠውን ፋይበርግላስ ለአሮጌ ቤት አልመክርም። የድሮ እንጨቶች መሀል ያለው ርቀት እኩል አይደለም፤ ጥቅልሉ ክፍተት ይተዋል።

በሁለቱም ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በጣሪያው ጠርዝ ስር ያሉት የአየር መግቢያዎች በጥጥ እንዳይደፈኑ ማገጃ ይደረግ። ዳክቱንም ጥጥ ውስጥ እንዳይቀብሩባችሁ። በዚህ እርጥበት የተቀበረ ዳክት ላዩ ያልባል፣ ውሃው ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል። ለመቅበር የግድ ከሆነ መጀመሪያ እንፋሎት በማያሳልፍ ወፍራም ሽፋን መጠቅለል አለበት።

ስፕሬይ ፎም

ይህኛው ሌላ መንገድ ነው። ኮርኒሱ ላይ ከመከመር ይልቅ ፎሙ የጣሪያው እንጨት ሆድ ላይ ይረጫል፣ የአየር መግቢያዎቹ ይዘጋሉ፣ አቲኩ የቤቱ አካል ይሆናል። ዳክቱ ከዚያ በኋላ እሳት ውስጥ አያድርም። ሂዩስተን ውስጥ የፎም ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ እውነተኛ ጥቅምም ነው። ክፍት ሴል የሚባለው በአንድ ኢንች ወደ አር-3.6 ይሰጣል፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ እንፋሎት ያሳልፋል። ዝግ ሴል ከ6 እስከ 6.5 ይሰጣል፣ እንፋሎት አያሳልፍም፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። ሁለቱም ከሚነፋ ጥጥ ጋር ሲተያዩ ዋጋቸው ብዙ እጥፍ ነው።

ሻጩ የማይነግራችሁ እርጥበቱን ነው። በክፍት ሴል የተዘጋ አቲክ ውስጥ የቤቱ እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣል። ማታ የጣሪያው እንጨት ይጠጣዋል፣ ቀን ፀሐይ ሲመታው ይተፋዋል። አየር ካልተደረገለት ላይኛው ክፍል ሁልጊዜ ርጥብ ሆኖ ሻጋታ ይይዛል። ስለዚህ ኤስቲሜቱ ውስጥ ወደ አቲኩ የሚገባ የኤሲ አየር ወይም የእርጥበት ማድረቂያ ማሽን ከሌለ አትፈርሙ።

ሌላው ጋዝ ነው። በጋዝ የሚሠራ አሮጌ ፈርነስ (የቤት ማሞቂያ) ወይም የውሃ ማሞቂያ አቲክ ውስጥ ካለ፣ ለመንደድ የሚሆነውን አየር የሚወስደው ከዚያው ነው። አቲኩ ሲታሸግ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ወደ ቤት ሊገባ ይችላል። መሣሪያው የራሱን አየር በቧንቧ ከውጭ በሚያመጣ ይቀየር። ይህ ወጪ ሲደመር የፎሙ ሒሳብ ይለወጣል። ደግሞም ፎም አንዴ በተበላሸ ቅልቅል ከተረጨ ሽታው አይለቅም፣ መፋቁም አበሳ ነው።

ቤቱ ውስጥ ረጅም ዓመት ለመኖር ካሰባችሁ፣ ዳክቱ አቲክ ውስጥ ከሆነ፣ የጋዙንም ነገር ለመጨረስ አቅም ካለ ፎም ጥሩ ነው። አለዚያ ያንን ገንዘብ ለዳክትና ለሴሉሎስ አውሉት።

ፎይል፣ ግድግዳ፣ ወለል

ፎይል ሙቀት ይመልሳል እንጂ አይይዝም። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት በሞቃትና ፀሐያማ አካባቢ የማቀዝቀዣ ወጪን ከ5 እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይናገራል። አር-38 ካላችሁና ዳክታችሁ ከታሸገ ጥቅሙ ያንሳል። ከተገዛም ከላይ ጣሪያው ማገር ላይ ይመታ። ኮርኒስ ላይ ከተነጠፈ አቧራ ይለብሳል፣ ከሥሩም እርጥበት ያፍናል። የአቲክ ቬንቲሌተር ሞተር ግን አትግዙ፤ ከቤት ውስጥ የቀዘቀዘውን አየር ነው እየሳበ የሚያወጣው።

ግድግዳውን ተዉት። ሃይትስ ወይም ሰርድ ዋርድ የሚባሉት የሂዩስተን ሰፈሮች ያሉ የድሮ የእንጨት ቤቶች ብዙዎቹ ከውጪው ጣውላ ጀርባ ውሃ የሚከላከል ወረቀት የላቸውም። ዝናብ ትንሽ ትንሽ ይገባል፤ ግድግዳው ባዶ ስለሆነ ይደርቃል። በሴሉሎስ ሲሞላ ግን እርጥቡ እዚያው ይቀራል። የውጭው ጣውላ በሚቀየርበት ጊዜ አብሮ ቢሠራ ነው የሚሻለው። ከውስጥ በኩል ፕላስቲክ ወይም የቪኒል ወረቀት ግድግዳ ላይ እንዳትለጥፉ። እዚህ እንፋሎቱ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ በኤሲ የቀዘቀዘው ፕላስቲክ ጀርባ ላይ ውሃ ይሆናል።

ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ ቤት ወለል ስር ፋይበርግላስ መስቀልም አይሆንም። እርጥበት ጠጥቶ ይወድቃል። መጀመሪያ አፈሩ በፕላስቲክ ይሸፈን፤ ከዚያ ካስፈለገ ዝግ ሴል ፎም ይረጭ። በ2017 በአውሎ ነፋሱ ሃርቪ ጎርፍ ቤቱ ውሃ የገባበት ሰው የራሰ ጥጥ ከግድግዳ ሲወጣ አይቷል። የፌዴራሉ የአደጋ መሥሪያ ቤት ፌማ ለጎርፍ ቦታ ከሚቀበላቸው የኢንሱሌሽን ዓይነቶች አንዱ ዝግ ሴል ፎም ነው።

የእኛ ኩሽና

የታሸገ ቤት የውስጥ እንፋሎትንም ያስቀራል። ምጣድ ተጥዶ እንጀራ ሲጋገር፣ ወጥ ሦስት ሰዓት ሲንተከተክ የሚወጣው ብዙ ነው። የምድጃው ኮፈን ወደ ውጭ መተንፈሱን አረጋግጡ፤ በብዙ አሮጌ ቤት የሻወሩና የኩሽናው ፋን ቱቦ አቲክ ውስጥ ተፈትቶ ቀርቷል። ቡና በከሰል ማፍላት ደግሞ ከታሸገ በኋላ ጨርሶ አይሆንም። ከሰሉ በረንዳ ይውጣ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚም ይሰቀል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ግዙና ሳሎን አስቀምጡ፤ ከ60 በመቶ በታች መሆን አለበት።

ኤሲ ለመቀየር ያሰባችሁ ኢንሱሌሽኑን አስቀድሙ። ቤቱ ከታሸገ በኋላ ትንሽ ኤሲ ይበቃዋል። የገዘፈ ኤሲ ቶሎ አቀዝቅዞ ይጠፋል፣ እርጥበቱን ለማውጣት ጊዜ አያገኝም።

ለኢንሱሌሽን ይሰጥ የነበረው የፌዴራሉ የ30 በመቶ የታክስ ቅናሽ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 31, 2025 አብቅቷል። አሁንም በእሱ የሚያባብል ሻጭ ካለ ተጠንቀቁ። ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ግን ዌዘራይዜሽን አሲስታንስ የሚባል የፌዴራል ፕሮግራም ሥራውን በነፃ ይሠራል፤ ተከራይም ማመልከት ይችላል።

የሚነፋ ጥጥ ስታሠሩ ስንት ከረጢት እንደገባ፣ ስንት ስኩዌር ፊት እንደሸፈነ፣ ውፍረቱና የአር ቁጥሩ ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ደረሰኝ ጠይቁ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ያስገድዳቸዋል። ሠራተኞቹ ሳይሄዱ ባዶ ከረጢቶቹን ቆጥሩ፣ አቲክ ወጥታችሁም በአራቱም ማዕዘን በማስመሪያ ለኩ። ብዙ ጊዜ የሚሳሳው ከመግቢያው ራቅ ያለው ጥግ ነው።